ብረቱና የማስታገሻው ቁልፍ

ልጆቼ፣ የሰው ልጅ ከእንስሳ ሁሉ የሚከበረው እያመመው «ደህና ነኝ» ማለት በመቻሉ ነው። በዚህ ሚዛን ጡረታ የወጣው የከባድ መኪና ሾፌር፣ በቅጽል ስሙ ብረቱ፣ ከሰውም በላይ ነበር። እኛ ሽማግሌዎች እንዲህ ያለውን ሰው እናደንቃለን፤ አብዛኞቻችን እሱኑ ነንና። ቁጣውንም ናፍቆቱንም «ሆድ ይፍጀው» ሲል ኖሮ፣ ሆዱ የተሰጠውን ሁሉ መፍጀት ሲያቅተው አንጀቱ ተጠማዘዘ። ሐኪሞችም ከላይ እስከ ታች ቀደው፣ አክመው ሰፉት።

በተኛበት ክፍል ሁለት የማስታገሻ ዘዴዎች ይነጻጸሩ ነበር። አጠገቡ ላለው፣ እንደ እሱ ሆዱን ለተቀደደው ፀጉር አስተካካይ መድኃኒቱ በጀርባው በገባ ቀጭን ቱቦ ይሰጠዋል። ለብረቱ ግን ቁልፍ አስጨበጡት፤ ሲጫነው መድኃኒቱ ከማሽኑ በክንዱ ይገባል።

«ሲያምዎት ይጫኑት፣ አባባ» አለችው ነርሷ።

«ሲያምዎት» የምትለዋ ቃል ክብሩን ነካችው። ቁልፉን ትራሱ ስር ቀበረው።

ፀጉር አስተካካዩ እንደ ልቡ ይስላል፤ በኮሪደሩ እየተንጎራደደ ወሬ ይለቅማል። ብረቱ እንደ ጣውላ ተጋድሞ ትንፋሹን በቁጠባ ይስባል።

«በደንብ ካልተነፈሱና ካልሳሉ ሳንባዎ ይታመማል፣ አባባ» አለችው ነርሷ።

«እኔ ሳል የለብኝም።»

ሚስቱ ወደ ጆሮው ተጠጋች። «ተው አንተ ሰው፣ ተጫነው። ላብህ አንሶላውን አራሰው።»

«ሞቆኝ ነው።»

ዋናው ሐኪም ተማሪዎቹን አስከትሎ ገባ። «እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ ምስጋና ለፈጣሪ።»

ሐኪሙ የማሽኑን ቆጣሪ ቢያይ ቁልፉ አንዴም አልተነካም። ጉሮሮውን ጠረገ። «ልብ በሉ። የዚህ ዘዴ ብልጫ ከዚህ ወዲያ በምን ይረጋገጣል? ሳይጫኑት ይሠራል። እንግዲህ ማሽኑን ነቅለን ለሚያስፈልገው ሰው እንስጥ።»

ተማሪዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። ዕውቀት አንድ እርምጃ ወደፊት ተራመደች።

«እንዲያ ከሆነ ዶክተር» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «የኔን ቱቦ ንቀሉና የጋሼን ቁልፍ ፎቶ ራስጌዬ ስቀሉልኝ።»

ብረቱ ሳቁን ሊውጠው ታገለ። ሳቅ ግን ትኩስ ስፌት አያከብርም። ፊቱ አመድ መሰለ፤ እጁ ትራሱን በረበረ፤ ቁልፉን ሲያገኘው፣ ላሞች መንገድ እንደዘጉበት ሾፌር ደጋግሞ ተጫነው።

«ምን ሆኑ?» አለ ሐኪሙ።

ብረቱ ሐኪሙን ትቶ ወደ ሚስቱ ዞረ። «ያመኛል» አላት ቀስ ብሎ። «በጣም ያመኛል።»

ሚስቱ የግንባሩን ላብ በመዳፏ ጠረገችለት።

«እኔን» አለችው። «ይቺ ቃል ሆድህ ውስጥ እንዳለች ባውቅ ኖሮ፣ ገና በተጋባን ሰሞን አስቀድድህ ነበር።»