ጄኔራሉ ካልተቀመጡ

ወልድያ መናኸሪያ መሀል ቁሙና ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ «ጄኔራል!» ብላችሁ ተጣሩ እስቲ። ቢያንስ አራት ሰው ይዞራል። አንዱ የደሴ ተሳፋሪ የሚጠራ ነው። ሁለተኛው ሥጋ ቤት አለው። ሦስተኛው ዕድሜ ልኩን ከትራፊክ ፖሊስ በቀር ከማንም ጋር ተዋግቶ አያውቅም። አራተኛው ለምን ጄኔራል እንደተባለ እሱም አያውቅም፤ ሲጠሩት ግን «አቤት» ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ይሄ «አቤት» ነው።

ሌላ አገር ቢሆን ግድ የለም እል ነበር። የኛ አገር ግን ጦርነትን በወሬ ሳይሆን በደጃፉ ያየ ነው፤ ከውርጌሳ እስከ ሐራ ያላለቀሰ ቤት ፈልጋችሁ አታገኙም። ጄኔራል ማለት ጣቱን ወደ ተራራ ሲቀስር ሺህ ሰው የሚወጣለት፣ ከሺሁ ስንቱ እንደወረደም የሚጠየቅ ሰው ነው። ብርጋዴሩም፣ ሜጀሩም፣ ሌተናሉም ሲጠሩ በአንድ ቃል ጄኔራል መባላቸው ይሁን፣ ልማድ ነው፤ ኮከብ ቆጥሮ የሚጣራ የለም። ይህን ልማድ ጎትቶ ሥጋ ቤት ያስገባው ማን ነው? አባቶቻችን የተሾመን ሰው «ሹመት ያዳብር» ይሉት ነበር። እኛ ሳይሾም አዳበርነው።

ጡረታ የወጣሁ የጂኦግራፊ መምህር ነኝ፤ ስህተት ሳይ በቀይ የማስመር በሽታዬ እስካሁን አልለቀቀኝም። ይህን ሁሉ የምለው ግን ንጹሕ ሆኜ እንዳይመስላችሁ።

የእህቴ ልጅ አስናቀ ግራና በምትባል ከተማ የምታስተምር አንዲት ልጅ ወደደ። አባቷ አሥር አለቃ ይመር ይባላሉ፤ አንድ እግራቸውን ጦር ሜዳ ጎድተው የተመለሱ ሰው ናቸው። ከዚህ በፊት የሌላ ሰው ሽማግሌ ሁለት ጊዜ መልሰዋል ሲባል አስናቀ እህል አልወርድ አለው። ስለዚህ ከባድ ሽማግሌ ይፈለግ ተባለ። እኔ ተመረጥኩ፤ አንድ ቄስ ተጨመሩ፤ ሦስተኛው የከተማችን የመርሳው ሰይድ ሆነ። ሰይድ ድንኳንና ወንበር ያከራያል። ሰርግም ይሁን ለቅሶ መሀል ላይ ዱላውን ይዞ ይቆምና «ያንን ወደ ግራ፣ ይህንን አንሱት» እያለ ያዛል። ከተማው ጄኔራል ያለው በዚህ ነው። አስናቀም ወደ ግራና «መምህሩ፣ ቄሱና ጄኔራሉ ይመጣሉ» ብሎ ላከ።

ሰማሁ። ጉዳዩ የራሴ ሲሆን ቀይ እስክርቢቶዬ ቀለም ጨረሰ።

በባጃጅ ግራና ስንደርስ አሥር አለቃ ይመር አሮጌ ኮታቸውን እስከ አንገታቸው ቆልፈው፣ ምርኩዛቸውን ግድግዳ አስደግፈው በር ላይ ጠበቁን። ሰይድን ሲያዩ ቀጥ ብለው ቆሙና እጃቸውን ወደ ግንባራቸው አነሡ። ሰይድ የሚያደርገው ጠፍቶት ኮፍያውን አወለቀ። ወደ ቤት ገባን። አራት ወንበር ተደርድሯል።

ደንቡን ታውቃላችሁ፤ ሽማግሌ ጉዳዩ ሳይሰማለት አይቀመጥም። «ልጅዎን ለልጃችን ካልፈቀዱልን አንቀመጥም» አልኩ በወጉ።

«ዘመድ ሳላማክር ቃል አልሰጥም፤ ዘመዶቼም ገበያ ናቸው» አሉ እሳቸው። «ደሞም ጄኔራሉ ካልተቀመጡ አሥር አለቃ አይቀመጥም።»

አራት ባዶ ወንበር ፊታችን ተደርድሮ አራት ሰው ቆመን ተፋጠጥን። ቄሱ መቋሚያቸውን ተደግፈዋልና ብዙም አልተጎዱ። የአሥር አለቃው የተጎዳ እግር ግን መንቀጥቀጥ ጀመረ። ግንባራቸው አላበው። ምርኩዛቸው በር ላይ ቀርቷል፤ እሱን ለማምጣት እንኳ ከቦታቸው አልነቃነቅ አሉ። አንድ ቃል ብናገር ያበቃ ነበር። ግን የአስናቀ ትዳር በኔ አፍ እንዳይበላሽ ፈራሁ።

የተናገረው ሰይድ ነው። «አያ ይመር፣ ለአላህ ብለው ይቀመጡ። እኔ ወላሂ ጄኔራል አይደለሁም። ወታደርም ሆኜ አላውቅ።»

አሥር አለቃው ቀስ ብለው ተቀመጡ። እግራቸውን በሁለት እጃቸው አንሥተው ዘረጉት።

«አሥር አለቃ ማለት የአሥር ሰው አለቃ ማለት ነው» አሉ። «አሥሩንም በስማቸው እጠራልዎታለሁ። የተመለሱት ሦስት ናቸው። አንቱስ የስንት ሰው አለቃ ነዎት?»

ሰይድ ትንሽ አሰበ። «የሰው አይደለሁም» አለ። «የመቶ ሃምሳ ወንበር አለቃ ነኝ።»

አልሳቁም። ግን ፊታቸው ፈታ አለ። «እሱም አለቅነት ነው። ተቀመጡ በሉ። ለልጄ ጉዳይ ከዘመድ መክሬ እልክባችኋለሁ። ይህ ሰው ግን ከዛሬ ጀምሮ በስሙ ይጠራ» አሉ። ወደኔ ዞር እንኳ አላሉም። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

በሳምንቱ እሺታቸው መጣ። እኔም ለጥፋቴ ካሣ ይሆነኝ ብዬ የሆነውን ሁሉ ለመርሳ ሰው ተናገርኩ። ሰው ሰማኝ፤ ከዚያ ወዲህ ሰይድን ጄኔራል ያለው የለም። ነገር ግን የመርሳ ሰው ቁጭ ብሎ አሰበበት። ጄኔራሉን ከማዕረጉ ያወረደው ማን ነው? የግራናው ይመር። ጄኔራልን የሚሽርስ ማዕረጉ ምን ይሆናል? ከጄኔራል በላይ ነዋ።

ሰርጉ አልፎ የቅልቅሉ ዕለት የሙሽራዋ ቤተሰብ መርሳ መጣ። ድንኳኑ ሞልቷል። ማይክ የያዘው ጎረምሳ ጉሮሮውን ጠረገና «ፊልድ ማርሻል ይመር ከነቤተሰባቸው እየገቡ ነው!» ብሎ ለፈፈ። ሰው አጨበጨበ። አሥር አለቃው በሩ ላይ ቆሙ፤ አልገባም አሉ። የአስናቀ ፊት አመድ መሰለ፤ ሙሽራዋ እንባዋ መጣ። ሮጬ ሄድኩ።

«መምህር» አሉኝ ዝግ ባለ ድምፅ፣ «ያልተመለሱት ሰባቱ ልጆች የሚያውቁኝ በአሥር አለቃነቴ ነው። ይህን ከወሰዳችሁብኝ ለነሱ ማን ሆኜ ልቅር?»

ሄጄ ማይኩን ከልጁ እጅ ቀማሁና «አሥር አለቃ ይመር» አልኩ። ሌላ ምንም አልጨመርኩም። እሳቸው ቀጥ ብለው ገቡ። ሰይድ ከመቶ ሃምሳው ወንበር ደህናውን መርጦ ሳበላቸውና «ይቀመጡ፣ አሥር አለቃ» አላቸው። ተቀመጡ።

እኔም ቦታዬ ተመልሼ፣ በመጨረሻ አንዲት ስህተት አረምኩ ብዬ ትንፋሼን ስሰበስብ፣ ከኋላዬ ጉርሻ የሞላው አፍ ለጎረቤቱ ሲያንሾካሹክ ሰማሁ።

«አሁን ፊልድ ማርሻል አላሏቸውም እንዴ? በር ላይ ምን አጥፍተው ነው እስከ አሥር አለቃ ያወረዷቸው?»