የጋሼ ነበርኩ በር

በቅድሚያ ይቅርታ። ብዕር ከመጨበጥ መዶሻ መጨበጥ የሚቀናኝ አናጺ ነኝ። ፊደል የለየሁት ጢም ካበቀልኩ በኋላ፣ እዚችው ቤተ ክርስቲያን ጓሮ ከልጆቼ እኩዮች ጋር ተቀምጬ ነው። እስካሁንም ረጅም ቃል ሲገጥመኝ እንደ ጭቃ መንገድ ጫፍ ጫፉን ይዤ ነው የምሻገረው። መጋቢያችን ግን "ለምሥረታ በዓላችን በሚወጣው መጽሔት ላይ እያንዳንዱ ሰው ስለ ቤተ ክርስቲያናችን ታሪክ የሚያውቀውን ይጻፍ" አሉ። እኔ ታሪክ አላውቅም። የማውቀው ጋሼ ነበርኩን ነው። የጎበጠ ነገር ካለ አንባቢ እያቃና ያንብብልኝ፤ እኔም የሰው ወንበር ሳቃና ነው የኖርኩት።

ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ አንድ "የነበረ" ሰው አይጠፋም። ድልድዩ ሲሠራ ነበረ፤ ድልድዩ ሲፈርስም ነበረ። ሐኪሙ "አይተርፍም" ሲል ነበረ፤ በሽተኛው ተነስቶ ሲሄድ ጫማውን ያቀበለው እሱ ነው። ሌላው ሰው ሰረቅሁ ማለት እንደሚያሳፍረው፣ እሱን አልነበርኩም ማለት ያሳፍረዋል። እናንተም ሰፈር አለ። ፈልጋችሁ ካጣችሁት፣ ምናልባት ራሳችሁ ናችሁ።

የእኛው፣ ክቡርነታቸው፣ ጋሼ ነበርኩ ይባላሉ። እናታቸው ያወጡላቸው ስም ነበራቸው፤ "እኔ እዚያው ነበርኩ" የምትለዋ ቃላቸው ዋጠችው። ቁመታቸው ረጅም፣ ኮታቸው አጭር፣ ትዝታቸው ከሁለቱም የረዘመ ነው። የመጀመሪያው አግዳሚ ወንበር ጫፍ፣ በሩ ሥር ይቀመጣሉ። ዝናብ ቢገባም ከዚያች አይነሱም።

እዚህ ላይ ስለ በሩ ካልነገርኳችሁ ነገሬ አይገባችሁም። ቤተ ክርስቲያናችን በእርሻ መሃል ያለች፣ ግድግዳዋ ድንጋይ፣ ጣሪያዋ ቆርቆሮ የሆነ ትንሽ ቤት ናት። ለመንገዱ ጀርባዋን ሰጥታ ነው የቆመችው፤ በሯ በወዲያ በኩል፣ መድረኩ አጠገብ ነው። ሌላ ቦታ የዘገየ ሰው ከኋላ ሹልክ ብሎ ገብቶ ቀድሞ እንደመጣ ሰው ያስላል። እኛ ዘንድ ግን የዘገየ ሰው በሰባኪው ብብት ሥር ነው የሚገባው። ጉባኤው በሙሉ ፊት ለፊት ያየዋል። ጫማው ጭቃ ከነካው ይታያል፤ ከሚስቱ ተጣልቶ ከመጣም ይታያል። አንድ ጊዜ ሰባኪው "እንደ ሌባ በድንገት ይመጣል!" እያሉ ጠረጴዛውን ሲመቱ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት ብቅ አለ። እህሉን እሱ ዘንድ የሚያስፈጭ ሰው ሁሉ "አሜን!" አለ።

እንግዳ ሰው ታዲያ "በሩ ለምን እዚህ ሆነ?" ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ያኔ ክቡርነታቸው ኮታቸውን ይቆልፋሉ። ቁልፉ አንድ ስለሆነ ጊዜ አይወስድም።

"የሕንጻውን ንድፍ ያመጣው ፈረንጅ ወረቀቱን ገልብጦ ይዞት ነበር። እኔ እዚያው ነበርኩ። 'ጌታው፣ ገለበጡት' አልኩት። ቋንቋዬን አልሰማም።"

ይህ ለሩቅ እንግዳ የሚነገረው ነው። ለቅርብ እንግዳ ሌላ አለ፦ በሩ ሊከፈትበት በነበረው ቦታ ላይ አንድ በሬ ተኝቶ አልነሳም አለ፣ ጅራቱን ይዘው የጎተቱት እሳቸው ናቸው። ለወጣቶች ደግሞ፣ መሥራቾቹ አሳዳጅ በመንገድ ቢመጣ በወዲያ በኩል ወደ ማሳው እንዲያመልጡ ብለው ነው፤ መጀመሪያ ያመለጡት ማን ይመስላችኋል? ንድፉም፣ በሬውም፣ አሳዳጁም በአንድ ሳምንት የተነገሩበት ጊዜ አለ። የሰማ ሁሉ ግን ረክቶ ነው የሄደው።

መጋቢያችን ትምህርት ቤት የቆዩ፣ ነገር የሚመዝኑ ሰው ናቸው። ወደ እኛ በተመደቡ ሰሞን ትንሽ አሰቡና፣

"ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ቤተ ክርስቲያኗ እኮ በዕድሜ ትበልጥዎታለች" አሏቸው።

"ብትበልጠኝስ?"

"ሲሠራ ታዲያ እንዴት ነበሩ?"

"እናቴ ድንጋይ ስታቀብል ሆዷ ውስጥ ነበርኩ። እኔን ቤት አስቀምጣ ነው የሄደችው?"

መጋቢ ያን ቀን መዘኑ፣ መዘኑና ሚዛኑን ትተው ሳቁ።

ባለፈው ወር ግን ነገሩ ከሳቅ ወጣ። ሽማግሌዎች ከአምልኮ በኋላ ጉባኤውን አስቀምጠው፣ መድረኩ አጠገብ ያለው በር ይደፈን፣ በመንገዱ በኩል አዲስ በር ይከፈት አሉ። ምክንያታቸው ምክንያት ነው። አዲስ ሰው በሩ ድረስ ይመጣል፤ ዝማሬውን ይሰማል፤ አንገቱን ብቅ ሲያደርግ ያን ሁሉ ዓይን ያይና ይመለሳል። እኔም በልቤ እሰየው አልኩ። በዚያ በር በገባሁ ቁጥር እጄን የት እንደማደርገው ጠፍቶኝ የኖርኩ ሰው ነኝ።

ጋሼ ነበርኩ ተነሱ።

"ይህ በር አይነካም! አባቶች ሲያቆሙት እኔ እዚያው ነበርኩ። ፈረንጁ ንድፉን ..."

"በሬው ነው ወይስ ንድፉ?" አለ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት። ሰዉ ሳቀ።

"አንተ ዱቄት፣ ዝም በል! አባቶች ቃል አስገብተውኛል፤ ይህን በር ጠብቅ ብለው ..."

በዚህ መሃል እህታቸው ተናገሩ። ታላቃቸው ናቸው፤ በጉባኤ ተናግረው አያውቁም፣ ድምፃቸውን የምናውቀው በመዝሙር ብቻ ነው።

"አንተ ልጅ፣ ተቀመጥ። ቆርቆሮው ሲመታ ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ። አንተ አልተወለድክም፤ አልተረገዝክምም። መንገዱ ያኔ በዚያ በኩል ነበር፤ በሩም ወደ መንገዱ ሆነ። ኋላ መንገዱን አዞሩት። በቃ።"

እውነቱ ይቺው ነበረች። ፈረንጅ የለ፣ በሬ የለ። እንዲህ አጭር መሆኗን ማንም አልወደደላትም።

ጋሼ ነበርኩ በቁማቸው ቆዩ። ኮታቸውን ሊቆልፉ እጃቸውን ሰደዱ፤ ተቆልፏል። ከዚያ ቀስ ብለው ተቀመጡና፣

"እንግዲህ ... አልነበርኩም ይሆናል" አሉ።

ይህን ቃል ከአፋቸው ሰምተን አናውቅም። የሚስቅ ሰው ጠፋ። ያኔ ነው በሩ ለእሳቸው ምን እንደሆነ የገባኝ። በሩ ከተደፈነ ሰው ሁሉ በሌላ በኩል ይገባል፤ ክቡርነታቸው በደረቅ ግድግዳ ሥር የተቀመጡ አንድ ሽማግሌ ሆነው ይቀራሉ። የሚጠይቅ አይኖርም፤ ስለዚህ የነበሩበትም አይኖርም።

እኔ በጉባኤ ፊት ተናግሬ አላውቅም። እግሬ ግን ሳያማክረኝ አቆመኝ።

"እኔ ነበርኩ" አልኩ። ሰው ዞሮ አየኝ። "ማለት ... እዚህ የመጣሁ ዕለት እኔ ራሴ ነበርኩ። በሩ ላይ ቆሜ ልመለስ ነበር። ጋሼ እጄን ያዙና 'ምን ቆየህ ልጄ? ቦታህን ይዤልህ ነበር' አሉኝ። ጠጋ ብለውም አስቀመጡኝ። አያውቁኝም ነበር። እኔ ግን ... እኔ ግን የሚጠብቀኝ ሰው አለ ብዬ አመንኩ።"

ተቀመጥኩ።

"እኔንም እንዲሁ ነው ያሉኝ" አለ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት፣ መሬት መሬት እያየ።

"እኔንም" አለች አንዲት ዘማሪ።

"እኔንም። የተመደብኩ ዕለት" አሉ መጋቢ።

ከየወንበሩ "እኔንም፣ እኔንም" ሆነ። ያቺን ወንበር የምጠግናት እኔ ነኝ፤ አምስት ሰው ከተቀመጠባት ስድስተኛው ይወድቃል። ጋሼ ነበርኩ ለጉባኤው በሙሉ ቦታ ይዘውባታል። ከውሸታቸው ሁሉ ትልቁ ይሄኛው ነው፤ የምወድላቸውም እሱን ነው።

ለዚህ ብሎ ግን ማንም ሐሳቡን አልቀየረም። ፍቅር ሌላ፣ በር ሌላ። እጅ ወጣ፣ በሩ ይደፈን ተባለ፣ አሜን ተብሎ ተበተንን። እጃቸውን ካወጡት አንዱ እኔ ነኝ። እህታቸው ሲወጡ የኮታቸውን ትከሻ አራግፈውላቸው፣ "ና እንሂድ፣ ነበርኩ" አሏቸው። ያን ቅጽል ስም እህታቸውም እንደሚያውቁት አላውቅም ነበር።

በማግስቱ ጠዋት መፍቻዬን ይዤ ሄድኩ። በሩን የሚከፍተው ግንበኛ ገና አልመጣም፤ ባለፈው ምሽት ግን መጥቶ በመንገዱ በኩል ባለው ግድግዳ ላይ የአዲሱን በር ልክ በከሰል አስምሮ ነበር። የመጀመሪያዋን አግዳሚ ወንበር ከወለሉ ፈታሁ። እየጎተትኩ ቤቱን ከጫፍ እስከ ጫፍ አቋረጥኩና ከከሰሉ መስመር አጠገብ አድርጌ አሰርኳት። አንዱ እግሯ አልረጋ ብሎኝ ከሥሩ ስንጥር ሳስገባ ጋሼ ነበርኩ በአሮጌው በር ገቡ። በሩን ሊሰናበቱት መጥተው ይሆናል፤ አልጠየቅኋቸውም። ወንበሯ የነበረችበትን ባዶ ወለል አይተው ደነገጡ።

"ወንበሬስ?"

"እዚህ ናት፣ ጋሼ። ምን ቆዩ? ቦታዎን ይዤልዎ ነበር።"

አዩኝ። ኮታቸውን ቆለፉ። እያዘገሙ መጡና ጫፏ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም ሚዛኗን ልፈትሽ ብዬ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። በከሰል የተሰመረውን ድፍን ግድግዳ ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት። ከዚያ የሩቅ ዘመን ነገር እንደሚያስታውስ ሰው ራሳቸውን ነቀነቁና፣

"ይሄ በር ሲከፈት እኮ" አሉኝ፣ "እኔ እዚሁ ነበርኩ።"

ግንበኛው ገና ቤቱ ቁርሱን እየበላ ነበር።