ክቡር ሰማው እና የአዲሱ ቦቢና ጉዳይ

ሪያድ ውስጥ ኮፈኑ የተከፈተ መኪና ካለ፣ እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ የሚመክር አንድ ሀበሻ አይጠፋም። ዐዚዚያ ሰፈር ይህን ሹመት የያዙት ክቡር ሰማው ናቸው። ሥራቸው ግንበኝነት ነው። መንጃ ፈቃድ የላቸውም፤ መኪና የሚያውቁት ከኋላ ተጭነው ነው። ታዲያ ሥራ በፈቱ ቁጥር ወደ መካኒኩ አብዱልፈታህ ጋራዥ ይመጡና፣ የዘይት ጀሪካን ገልብጠው ተቀምጠው፣ «እኔ ምን አገባኝ፤ ግን...» ይላሉ።

ከዚያች «ግን» በኋላ የሚመጣውን አላህ ይያዘው! ባትሪው ለሞተ መኪና ጎማ አስቀይረዋል። ነዳጅ ያለቀበት ታክሲ ሞተሩ እንዲወርድ ፈርደዋል። አብዱልፈታህ ግን በሦስት ዓመት አንድ ምስጢር ደርሶበታል፦ ሰማው «እመብርሃንን!» ብለው የማሉበት ዕቃ ሁልጊዜ ጤነኛ ነው፤ «እሱን ተወው» ካሉት ደግሞ በሽታው እዚያው ነው።

ሰኞ ዕለት የመኖሪያ ፈቃዱን፣ ኢቃማውን፣ የሚያድስለት ካፊሉ አቡ ናይፍ የሟች አባቱን የሰባ ስምንት ሞዴል ፒክአፕ አመጣ። «ልጄ ሐሙስ የሚሞሸረው በዚህች ነው። ያን ቀን እስከ መግሪብ ካልተነሳች ኢቃማህን የሚያድስልህ ሌላ ሰው ፈልግ» አለው።

አብዱልፈታህ ያረጀውን ቦቢና አውጥቶ፣ ካንዴላዎቹ ደህና እሳት እንዲያገኙ ጉልበተኛ አዲስ ቦቢና ገጠመ። ክቡርነታቸው አላስቻላቸውም፤ በተሰባበረ ዐረብኛቸው ለካፊሉ ራሱ «አሮጌው ይሻል ነበር» አሉት። የአብዱልፈታህ ደም ፈላ።

«ያላ፣ ውጣልኝ! ሁለተኛ እዚህ እንዳላይህ!»

ሄዱ። ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ በአስር ሰላት ላይ፣ ፒክአፗ ስትቀሰቀስ ትነሳለች፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ድርግም! ሃያ ጊዜ ሞከረ። ጋራዡ ጭር ብሏል፤ የተገለበጠው ጀሪካን ብቻ ያፈጥበታል። ቢቸግረው ደወለ።

«ሰማው፣ ቁልፉን ስለቀው ትጠፋለች። ምን ትላለህ?»

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ።

«ግን» የለችም!

«አፉ በለኝ ወንድሜ። ኢቃማዬ ልትሄድ ነው።»

ክቡርነታቸው ሲሚንቶ እንደለበሱ ከተፍ አሉ። አጎንብሰው አዩ፤ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣመሩ።

«ካርቡራተሩ ነው፣ እመብርሃንን!»

አብዱልፈታህ ካርቡራተሩን በልቡ ሰረዘው።

«የነዳጅ ፓምፑም አለበት፣ እመብርሃንን!»

ፓምፑንም ሰረዘ። «ይቺስ?» አለ፣ ከቦቢናው ጎን ያለችውን ነጭ ሸክላ የለበሰች፣ የኤሌክትሪኩን ጉልበት የምትቀንስ ሬዚስተር እያሳየ።

«እሷን ተዋት! ለጌጥ ነው ያደረጓት።»

እጁ ወደ ሬዚስተሯ በረረ። ጀርባዋ ተሰንጥቋል፤ የአዲሱን ቦቢና ጉልበት አልቻለችም። ስትቀሰቀስ ኤሌክትሪኩ በሌላ ሽቦ ስለሚያልፍ ሞተሩ ይነሳል፤ ቁልፉ ሲለቀቅ ግን መንገዱ በእሷ ነው። ከወዳደቀ ዕቃ መሃል ደህናውን ፈልጎ ቀየረ። ፒክአፗ ተነሳች፤ ቁልፉን ለቀቀው፤ እንደተነሳች ቀረች!

«አላልኩህም?» አሉ ክቡር ሰማው።

አብዱልፈታህ ጀሪካኑን በጨርቅ ወልውሎ አቀረበላቸው።

«አልከኝ እንጂ ወንድሜ። አንተ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር?»

ተቀመጡና የቀጣዩን መኪና የተከፈተ ኮፈን አሻግረው አዩ።

«እኔ ምን አገባኝ» አሉ።

አብዱልፈታህ መፍቻውን እንደያዘ ጆሮውን አቁሞ ጠበቀ።

«ግን...»

«አልሐምዱሊላህ» አለ በልቡ።