ሐጅያ የቆረጡት ፎም

እኛ ባለሙያዎች አንድ ክፉ አመል አለን። «ይህን ታውቃለህ?» ስንባል «አላውቅም» የምትለዋ ቃል ጉሮሯችን ላይ ትቀራለች። ሐኪም እንኳ «እስቲ ምርመራው ይታይ» ይላል። አናጢ ግን ያልለካውን ቤት «ቀላል ነው!» ብሎ ይቀበላል፤ ያውም አገሩን ለቆ ሐርጌሳ የገባ አናጢ ሲሆን አስቡት። ካላወቀ አገሩን በሙሉ ያዋረደ ይመስለዋል። እናንተ እንኳን እንዲህ አታደርጉም።

ድሬዳዋ ያደገች ሆዳን የምትባል ሴት፣ 26 ጁን በሚባለው የሐርጌሳ ሰፈር፣ ግቢዋ ውስጥ ትንሽ ቢሮ እንድሠራላት ጠራችኝ። ሥራዋ በስልክ ማስተርጎም ነው፤ ሩቅ አገር ያለን ሐኪም ሶማልኛ ብቻ ከሚናገር ሕመምተኛ ጋር ታግባባለች። ቤት ውስጥ ሕፃን ያለቅሳል፣ ድስት ይንኳኳል። አሠሪዎቿ ታዲያ «እስከ ቅዳሜ ጸጥ ያለ ክፍል ካላገኘሽ በቃን» ብለዋታል። ቤተሰቡ የሚያድረው በዚያች ስልክ ነው። የእንጨት ግድግዳ፣ የቆርቆሮ ጣሪያ ያለው ክፍል በዚህ ፀሐይ በሩ ተዘግቶ እንዲሠራበት፣ ውስጡ ሙቀት በሚከለክል ጠንካራ የፎም ሰሌዳ መሸፈን አለበት።

«ጋሽ ታደሰ፣ በዚህ ፎም ሠርተው ያውቃሉ?» አለችኝ።

«እንዴ! ስንቱን!» አልኳት። በእጄ ነክቼው አላውቅም።

ረቡዕ ጠዋት መጋዜን አንስቼ እንደ ጣውላ ገዘገዝኩት። ጉድ እኮ ነው! ፎሙ ፍርፋሪ ሆኖ ተነሳ፤ ንፋሱ ደግሞ ተቀብሎ በተነው። ጢሜ ነጭ፣ የጎረቤት ልብስ ማስጫ ነጭ። ጠርዙ አይጥ የቀመሰው ዳቦ መሰለ። በቀላሉ ይግባልኝ ብዬም ጠበብ አድርጌ ቆርጬው ኖሮ፣ በእንጨቱና በፎሙ መሃል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ቀረ። ሙቀቱ በዚያ ዘው ሊል ነው። ሦስት ሰሌዳ አበላሸሁ። ፎሙ ከበርበራ ወደብ የመጣው በልክ ነው፤ ዋሄን ገበያን ብዞረው ደግሞ የለም። ሆዳን በመስኮት አይታኝ መጋረጃውን መለሰችው። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

እናቷ ሐጅያ ዘሃራ ከጥላው ሥር ተነስተው መጡ። ዋሄን ውስጥ ረጃጅም ሳሙና እየቆራረሱ ሲቸረችሩ የኖሩ ሴት ናቸው።

«ሱብሃነላህ! አንተ ልጅ፣ ይህን ማን አስተማረህ?»

«ማንም፣ ሐጅያ። አላውቅም» አልኩ። ሰማይ አልተደፋብኝም።

የወጥ ቤት ቢላዋ አስመጥተው ድንጋይ ላይ ሳሉት። ፎሙ ላይ ቀጥ ያለ እንጨት አስደግፈው ቢላዋውን በአንድ መስመር ላይ ሦስት ጊዜ ጎተቱት፤ ከዚያ ሰሌዳውን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ አድርገው ጫን አሉት። ቀጭ! ፍርፋሪ የለ፣ ምን የለ።

«አትታገለው። መንገዱን አሳየው፣ ራሱ ይሰበራል። ስትለካ ደግሞ አትሳሳ፤ እየተጋፋ ይግባ።»

እሳቸው እየጫሩ፣ እኔ እየሰበርኩ፣ ሐሙስ ከሰዓት ጨረስን። ያበላሸኋቸውንም ጠርዛቸውን አስተካክለን ከመስኮቱ ሥርና ከበሩ በላይ አዋልናቸው።

ቅዳሜ ረፋድ ላይ የበሩን እጀታ ላጠብቅ ሄድኩ። ውጭው ይፋጃል። በሩን ገፋ ሳደርገው ቅዝቃዜው ፊቴን ዳሰሰኝ። ሆዳን ማዳመጫዋን አድርጋ፣ የት እንደሚያመው አንድ የማታውቀውን ሰው ቀስ ብላ ትጠይቃለች። ደስ አለኝ፤ ዕንባዬም መጣ። ከእግሯ ሥር ደግሞ ሐጅያ ምንጣፍ አንጥፈው፣ ትራሳቸውን አመቻችተው ጋደም ብለዋል። ሰላም ልላቸው አፌን ስከፍት ጣታቸውን ከንፈራቸው ላይ አደረጉ።

«ዝም በል!» አሉኝ በሹክሹክታ፤ «ሥራ ላይ ነን።»