ድንጋይ ያጠብኩ ዕለት

እኛ ቤት እንግዳ ቆሽሾ አይሸኝም። ልብሱ ይታጠባል፣ ጫማው ይጠረጋል፣ በቅሎ ይዞ ከመጣም በቅሎዋ ትታሻለች። እናቴ በዚህ ነገር ቀልድ አታውቅም። አንድ ጊዜ ለክትባት የመጣ ባለሙያ ቤታችን አድሮ፣ ጠዋት ሲነሳ ቦርሳውን ታጥቦ አጥር ላይ ተሰጥቶ አገኘው። ውስጡ የነበረው ወረቀትም በተራ በተራ ተሰጥቶ ነበር። ሰውየው አጥሩ ሥር ተቀምጦ ወረቀቱ እስኪደርቅ ጠበቀ።

ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ ጥፋቴን ለማቅለል ነው። እንዳትፈርዱብኝ።

እኔ ዓይን አፋር ነኝ። ዕድሜዬ አሥራ ስድስት ነው፤ ስምንተኛ ክፍልን የጨረስኩት እንደምንም ነው። መልሱን አጥቼው አይደለም። መምህሩ ስሜን ሲጠሩ ምላሴ ላንቃዬ ላይ ይጣበቃል። ስጽፍ ግን እንዲህ እንደምታዩኝ ለፍላፊ ነኝ። የሚያየኝ የለማ!

እንግዳዋን ያመጣልን አያ ካሴ ነው። ጎረቤታችን ነው፤ ከአምባ ጊዮርጊስ ወደ እኛ መንደር የሚመጣ ሰው መንገድ የሚጠይቀው እሱን ነው። እንግዳዋ ዶክተር ናቸው። ጎንደር ከተማ፣ ቁስቋም ነው ያደጉት፤ ከዚያ ውጭ አገር ተምረው እዚያው ነው የሚሠሩት። የሕክምና ዶክተር መስለውት መንደሩ ሁሉ ያመመውን ይዞ ተሰለፈ። እሳቸው ግን የድንጋይ ዶክተር ናቸው። ድንጋይ መቼ እንደተወለደ፣ መሬትም መቼ እንደተሰነጠቀ ያጠናሉ። አያ ካሴ ይህን ሲሰማ፣ "ምነው፣ እዚያ አገር ድንጋይ ጠፋ?" አለ።

የመጀመሪያ ቀን እናቴ ጠላ እየቀዳች፣ ድንጋይ ዕድሜውን እንዴት ይናገራል ብላ ጠየቀቻቸው። ዶክተር ጋኑን አሳዩዋት። ክዳኑን ለስነሽ ስትዘጊው ውስጡ እየፈላ አየር ያጠራቅም የለም? አሏት። ድንጋይም እንደዚያ ነው። ቀልጦ ሲፈስ ክዳኑ ክፍት ነው፣ አየሩ ይወጣል። ሲቀዘቅዝ ይለሰናል። ከዚያ ወዲያ ውስጡ ያለ አንድ ነገር ቀስ እያለ፣ በጣም ቀስ እያለ ወደ አየር ይለወጥና እዚያው ታስሮ ይቀራል። ያንን አየር አስወጥተን እንለካለን፤ ብዙ ከሆነ ጋኑ ከተለሰነ ቆይቷል ማለት ነው።

እናቴ ወዲያው ገባት። "እንግዲያ የኔ ጋን ሁለት ሳምንቱ ነው። የተራራውስ?"

"ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት ገደማ።"

እናቴ እጇን አፏ ላይ ጫነች። "እስካሁን ኮምጥጦ የለ!"

አያ ካሴ ግን አልሳቀም። እሱ ሌላ ሐሳብ ላይ ነበር። በማሳ ከሚዋሰነው ጎረቤቱ ጋር በድንበር ድንጋይ ከተካሰሱ ቆይተዋል፤ እሱ ድንጋዩን አባቴ ነው የተከለው ይላል፣ ጎረቤቱ ትናንት ነው ይላል። እናም ለዶክተር ጠጋ ብሎ፣ "የኔንም ድንጋይ ይመርምሩልኝ፤ ስንት ዓመት እንደቆመ ወረቀት ይስጡኝ" አላቸው። እሳቸውም መቼ እንደተወለደ እንጂ መቼ እንደተተከለ ድንጋዩ አይነግረኝም አሉት። አያ ካሴ ኋላ ለእናቴ፣ "ሠላሳ ሚሊዮን ዓመት የሚያውቅ ሰው እንዴት የአባቴን ዘመን ያጣዋል?" ብሎ አጉረመረመ። እውነቱን ነው መሰለኝ።

ዶክተር ዘጠኝ ቀን ገደል ለገደል ዞሩ። የሚፈልጉት ነገር አንድ ነበር። ተራራችን እንደ ግድግዳ ልስን አንዱ በአንዱ ላይ ተደርቦ ነው የተሠራው አሉ። ታዲያ ይህን ልስን አቋርጦ የወጣ፣ ቀጥ ያለ ድንጋይ አለ። እኛ ግንብ እንለዋለን። ጎንደር ላይ ግንብ ስላለ፣ ገጠር ቀጥ ብሎ የቆመውን ሁሉ ነገሥታት የሠሩት ይመስለናል። ዶክተር ግን ማንም አልሠራውም አሉ። መሬቱ ሲሰነጠቅ ከሥር ቀልጦ የወጣ ድንጋይ ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ የደረቀ ነው። ልስኑም ስንጥቁም ዕድሜያቸው ከታወቀ፣ መሬታችን ተራራው ከተከመረ ወዲያው ነው የተሰነጠቀው ወይስ ብዙ ቆይቶ የሚለው ይታወቃል። ይህን ጥያቄ ከተማሪነታቸው ጀምሮ ሲያሳድዱት ኖረዋል። ለዚህ አሥራ አንድ ድንጋይ ሰበሰቡ፤ እያንዳንዱ በየራሱ ከረጢት፣ ቁጥር የተጻፈበት ነጭ ፕላስተር ተለጥፎበት። የትኛው ቁጥር ከየት እንደመጣ ደብተራቸው ላይ አለ።

በአሥረኛው ቀን ዶክተር ማኪና ሊነጋገሩ አምባ ጊዮርጊስ ወረዱ። እናቴ ለኔ፣ "የእንግዳዋን ዕቃ አጸዳጂ፤ ነገ ይሄዳሉ" አለችኝ።

አጸዳኋ!

ከረጢቶቹን በሳሙና አጠብኩ። ድንጋዮቹንም አንድ በአንድ በአሸዋና በገል ፈተግኋቸው። ፕላስተሩማ አሳዘነኝ፤ ቆስለው የተለጠፈላቸው ይመስሉ ነበር። ልጬ እሳት ውስጥ ከተትኩት። ከዚያ ድንጋዮቹን ከትልቅ እስከ ትንሽ በመልክ በመልክ ደርድሬ ፀሐይ ላይ አሰጣኋቸው። ኮራሁ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም የሚያብረቀርቅ!

ዶክተር ሲመለሱ ግቢው መሐል ቆሙ። ከዚያ በቀስታ፣ "ቁጥሮቹስ?" አሉ።

እኔ በሩ ኋላ ገባሁ። እናቴ፣ "እኔ ነኝ ያዘዝኳት፣ እኔን ይቆጡ" እያለች ጉልበታቸው ላይ ልትወድቅ ነበር። ዶክተር ይዘው አስነሷትና መደቡ ላይ ተቀመጡ። ፎቶ አንስተው ነበር፤ ፎቶው ላይ ያለው ግን ገደሉ እንጂ ስባሪው አይደለም። ስባሪዎቹ ሁሉ ጥቁር ናቸው። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ ድንጋይ ደግሞ ለሳቸው ሥራ ምንም ነው። ማኪናው ነገ ከሰዓት ይመጣል፣ ክረምቱም ደጅ ላይ ነው።

ይባስ ብሎ ሲቆጥሩት አሥራ ሁለት ሆነ። ደግመው ቆጠሩ። አሥራ ሁለት። "አንዱ የኔ አይደለም" አሉ።

በሩ ኋላ እንደተደበቅኩ መጡና አጠገቤ መሬት ላይ ቁጭ አሉ። ተማሪ ሳሉ ያጠፉትን ነገሩኝ። ድንጋይ ከመለካቱ በፊት ይፈጫል፤ እሳቸው ወፍጮውን ሳያጸዱ የአንዱን ዱቄት ከሌላው ቀላቀሉት። ውጤቱ ሲመጣ ላይ ያለው ድንጋይ ከሥሩ ካለው በለጠ። "ልጁ አባቱን በዕድሜ በልጦ አረፈው! እኔም በሰው ሁሉ ፊት ቆሜ፣ ትክክል ነው ብዬ ስከራከር ዋልኩ።" መምህራቸው ሲደርሱበት አልተቆጧቸውም። መጥረጊያ ይዘው አብረዋቸው ወፍጮውን ጠረጉ። "አንቺን ብቆጣ እሳቸውን በምን ዓይኔ አያቸዋለሁ?" አሉኝ።

ቢቆጡኝ አለቅስ ነበር፤ ለቅሶዬን ስጨርስም ይወጣልኝ ነበር። ስላልተቆጡኝ አንድ ነገር ማድረግ ግድ ሆነብኝ። ብድግ ብዬ ወጣሁና እትዬ አበቡን በነጠላዋ ጫፍ እየጎተትኩ አመጣኋት።

እትዬ አበቡ ወፍጮ ወቃሪ ናት፤ የለሰለሰ የወፍጮ ድንጋይ እየቀጠቀጠች ታሻክራለች። የኤሌክትሪክ ወፍጮ ከመጣ ወዲህ ሥራዋ ቢቀንስም፣ ሽሮና በርበሬ በእጅ ካልተፈጨ የማይጥማቸው ሴቶች ዛሬም ይጠሯታል። የመንደሩን ድንጋይ እንደ ልጆቿ ታውቀዋለች። አንዱን አነሳች፣ በመውቀሪያዋ ኳ አደረገች፣ ጆሮዋን አስጠጋች። "ይቺ ከምንጩ በላይ ካለው ገደል ናት። ለመጅ ሸጋ ናት።" ቀጠለች። "ይሄን ጥርስ ሰባሪ ማን አመጣው? የቆላ መውረጃው ነው! በሱ የተፈጨ ሽሮ ሲበላ ይንኳኳል።" ዶክተር እስክሪብቷቸውን አወጡ። እትዬ አበቡ አሥሩን ስትናገር ከደብተሩ ጋር ገጠመ። የቀሩት ሁለቱን ግን፣ "ሁለቱም የግንቡ ናቸው፤ እኅትማማች ናቸው" ብላ አስቀመጠቻቸው።

ዶክተር፣ "እኔ አምኜሻለሁ፣ የሥራ ባልደረቦቼ ግን ጆሮሽን አያምኑም" አሏት። ስለዚህ በማግሥቱ ማለዳ ድንጋዮቹን ተሸክመን ወጣን፤ እናቴ፣ እትዬ አበቡ፣ አያ ካሴ፣ እኔ። እያንዳንዱን ስባሪ ወደተሰበረበት ወስደን ገጠምነው። የተሰበረ ማሰሮ ስትገጥሙ አይታችኋል? እንደዚያ። ሲገጥም ቅርጭጭ ይላል፤ እናቴም እልል ትላለች። በአሥር ገደል አሥር እልልታ!

ግንቡ ጋ ስንደርስ ሰማዩ ጠቁሯል። ዶክተር ግንቡን የሰበሩበት ቦታ ሰሞኑን ከላይ በተናደ አፈር ተሸፍኗል። የሚገጠምበት የለም። ከሁለቱ የትኛው ነው የሳቸው? በጣም የሚፈልጉት እሱን ነው። ዶክተር ሁለቱንም በሁለት እጃቸው ይዘው አንዱንም ሌላውንም አገላበጡ።

እኔ አውቀው ነበር። ሳጥበው ነዋ ያየሁት! ግን ብናገር የማን ጉድ እንደሚወጣም አውቃለሁ። አያ ካሴ ከትናንት ጀምሮ ጫማውን ብቻ ነው የሚያየው።

ምላሴ ላንቃዬ ላይ ተጣበቀ። ዶክተር ድንጋዮቹን ሊያስቀምጡ ጎንበስ ሲሉ ግን ወጣልኝ።

"ይሄኛው ቆሞ ነበር" አልኩ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። እየተንተባተብኩ ተናገርኩ። ከማጠቤ በፊት አንድ ጎኑ ላይ ግማሹ የድንጋይ ሽበት ነበረው፣ ግማሹ ቀይ አፈር የጠጣ። ግማሹ መሬት ውስጥ፣ ግማሹ ፀሐይ ላይ የኖረ ነው። የተተከለ ድንጋይ።

የተተከለ ድንጋይ ያለው ማን እንደሆነ ለመንደሩ ሰው መንገር አያስፈልግም። አያ ካሴ ቆቡን አወለቀ። ከድንበር ድንጋዩ ጥቂት ፈልጦ፣ ዶክተር ሳያዩ ከግንቡ ድንጋይ ጋር ከረጢት ውስጥ ከቶት ኖሯል። አባቱ ድንጋዩን ያወጡት ከዚሁ ግንብ ነው። "እዚያ አገር ሲደርስ መቼ እንደተተከለ መሣሪያው ራሱ ያወጣዋል ብዬ ነው" አለ።

ዶክተር መጀመሪያ አፈጠጡበት። ከዚያ ሳቁ፤ ሳቁ፤ ቁጭ ብለው ሳቁ። እኔ ባላጥባቸው ኖሮ፣ ሁለት ቁራጭ አንድ ከረጢት ውስጥ ሲያዩ አንድ ድንጋይ ለሁለት የተሰበረ ነው ብለው አብረው ሊፈጩት ነበር። እንደገና ዱቄት ከዱቄት! ፀሐይና አፈር የበላው ድንጋይ ደግሞ የታሰረ አየሩን ሊያጎድል ይችላል አሉ። አንድ ጊዜ በሰው ፊት ቆመው የተሳሳቱትን ለሁለተኛ ጊዜ ሊደግሙት ነበር። የአያ ካሴን ስባሪ በአክብሮት መለሱለት። ማኪናው ሲመጣ ዝናቡ ጀምሮ ነበር፤ እናቴ ከረጢቶቹን በላስቲክ ሸፈነቻቸው። ዶክተር እኔን አቅፈው አልሳሙኝም። ሰው ሲያቅፈኝ እንደማፍር አውቀው፣ እጄን ብቻ ጨበጡኝ። ለዚህ አመሰግናቸዋለሁ።

ከመንፈቅ በኋላ በእናቴ ስልክ ደወሉልኝ። አሥራ አንዱም ተለክተዋል፤ ልጅ አባቱን የበለጠበት የለም። ተራራችን ተከምሮ ብዙም ሳይቆይ ነው የተሰነጠቀው አሉ። ጥያቄያቸው ተመለሰ። እንኳን ደስ አለዎት ልል አፌን ከፍቼ ዘጋሁት። እሳቸው ግን ቀጠሉ። ላብራቶሪ ውስጥ ከሁሉ በፊት የሚደረገው ድንጋዩን ማጠብ ነው። ይህን የሚሠራው ሰውዬ የኛን ከረጢቶች ሲከፍት፣ "እንዲህ አድርጎ ማን አጠባቸው?" ብሎ ጠየቀ አሉ።

እናቴ ይህን ሰማች፤ አለቀልኝ። ዛሬ ቤታችን የመጣ ሰው ሁሉ፣ የልጄን ሥራ ውጭ አገር አደነቁላት መባሉን ሳይሰማ አይወጣም። ፕላስተሩን እሳት ውስጥ መክተቴን ግን አታነሳም። እኔም፣ ታውቁኛላችሁ፣ ሰው ፊት መናገር አልወድም።