ትል በለቅሶ ቤት

በየሰፈሩ አንድ ነገር ብቻ የሚያውቅ ሰው አይጠፋም፤ ያንኑ አንድ ነገር ሳይነግርህም አይለቅህም። ለእኛ ሰፈር ለማራኪ የደረሱን ክቡር መምህር ፊልጶስ ናቸው፤ ባሕር በሌለበት ደጋ ተቀምጠው ስለ ባሕር ትል የሚያስተምሩ ምሁር።

ትላቸው ባሕር ጠረፍ ላይ ካለ ዓለት ተጣብቆ ይኖራል። አሸዋ በራሱ ሙጫ እያያዘ ቤት ይሠራል፤ ቤት በቤት ላይ ሲደራረብ ትልቅ ካብ ይሆናል። በካቡ ስንጥቅ ደግሞ ያለ አጉሊ መነጽር የማይታዩ ባለ ዛጎል ፍጥረታት ይጠለላሉ። ይህን ሁሉ የሰማሁት ሚኒባስ ውስጥ፣ ፀጉር ቤት፣ በጥምቀትም ቀሐ ወንዝ ዳር ቆመን ታቦት ስንጠብቅ ነው። ስለ ሽንኩርት መወደድ ስናወራ እንኳ፣ ማንም ትል ሳያነሣ፣ «ወደ ትሉ ስንመለስ…» ይላሉ።

በቅርቡ አከራያቸው ግንበኛው አያ ሰውአገኝ ሞቱ። ባለቤታቸው ወይዘሮ ወርቅውሃ ከቀብር መልስ ድንኳኑ ውስጥ ተቀመጡና ቤት አልገባም አሉ።

«እያንዳንዱን ድንጋይ ያስቀመጠው እሱ ነው። እሱ የሌለበት ቤት ምን ያደርግልኛል?»

በሰልስቱ እድሩ ድንኳኑን ሊነቅል መጣ። ሽማግሌ ለመነ፣ ቄስ መከረ፤ ወይ ፍንክች። ልጅ የላቸውም፤ በዚያ ብርድ ሜዳ ላይ እንዳይቀሩ ፈራን።

ይሄኔ መምህር ፊልጶስ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ወደ ትሉ ስንመለስ…»

ሰው አፈር በቀመሰ በሦስተኛው ቀን፣ ለቅሶ ቤት ትል ይነሣል? የእድሩ ዳኛ አያ ደመቀ አፈጠጡባቸው፤ እኔም ኮታቸውን ጎተትሁ። እሳቸው ግን ትሉ የአሸዋ ቅንጣት እንዴት መርጦ እንደሚያስቀምጥ መተረክ ቀጠሉ።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ቀና አሉ። «ሲሞትስ? ቤቱ ይፈርሳል?»

«ወዲያው አይፈርስም፣ እትዬ። እነዚያ ባለ ዛጎሎች ይኖሩበታል። ሌላ ትልም መጥቶ እሱ ካቆመበት ይቀጥላል። ለአያ ሰውአገኝ ፎቶውን አሳይቻቸው ነበር። ‹ሸጋ ግንበኛ ነው› አሉኝ።»

ለካ በሰፈሩ መምህሩን ቁጭ ብለው የሚያዳምጡ አንድ ሰው ነበሩ፤ የቀበርነውም እሳቸውን ነው። መምህሩን ከልቤ የወደድኋቸው ያን ጊዜ ነው።

ወይዘሮ ወርቅውሃ ነጠላቸውን አስተካክለው ተነሡ። በሩ ዘንድ ሲደርሱ ድንጋዩን በእጃቸው ዳሰሱና ወደ መምህሩ ዞር አሉ።

«ምነው ቆምህ ልጄ? ግባ እንጂ። ለእሱ ያወራኸውን ሁሉ ለእኔም ታወራልኛለህ።»

ክቡርነታቸው ወደ ትሉ ሳይመለሱ፣ እንባቸውን እየጠረጉ ተከትለው ገቡ።