ቅጽል ያለ ዋስ አይገባም

ሰው ሁሉ አንድ የማያምነው ነገር አለው፤ አንዱ ሐኪም፣ አንዱ ደላላ፣ አንዱ የጎረቤቱን ውሻ። ቃል የሚጠረጥር ሰው ደግሞ ከየከተማው አይጠፋም። የሐዋሳው አቶ ገብረየስ ይባላሉ።

አቶ ገብረየስ ፒያሳ፣ ከጽሕፈት መሣሪያ መደብር በላይ ባለች ጠባብ ክፍል፣ የንግድ ውል ከፈረንሳይኛ ወደ እንግሊዝኛ ይመልሳሉ። ፈረንሳይኛውን የተማሩት ድሬዳዋ፣ ከባቡር ሠራተኛ አባታቸው ነው። ስምን ያምናሉ፣ ግስን ያከብራሉ። ቅጽልን ግን፣ ያንን «ጥሩ»፣ «ተገቢ»፣ «አስተማማኝ» እያለ ስም ላይ ተንጠልጥሎ የሚገባውን ወገን፣ መታወቂያ እንደሌለው ተከራይ ነው የሚያዩት።

«ቅጽል ያለ ዋስ አይገባም!» ይላሉ። ዋስ የሚሉት ቃሉ መሬት ላይ ምን እንደሚመስል በዓይኑ ያየውን ሰው ነው።

«ማራኪ የሐይቅ እይታ» የሚል የሆቴል ውል ቢመጣላቸው ሆቴሉ ድረስ ሄደው መስኮቱ ሥር ሲቆዝሙ ዋሉ። ባለቤቱ ጨነቀው።

«ጋሼ፣ ምን ጠፋ?»

«ሐይቁ።»

በሲዳማ ዘመን መለወጫ በፍቼ ዕለት፣ ጉዱማሌ አደባባይ ላይ «መልካም በዓል!» ያላቸውን ሰው «መልካም ስትል?» ብለው አቁመውታል። እንዲህ የሆኑት በወጣትነታቸው አንዲት ልጅ «ዘላለማዊ ፍቅሬ» ብላ ጽፋላቸው በጥር ለሌላ ስለተዳረች ነው ይባላል። ለወሬው ዋስ አልተገኘም፤ ብቻቸውን ሲሆኑ ግን እንዲህ ያንጎራጉራሉ፦

ቃልሽ ማር ነው ብዬ ቀፎ ይዤ ብመጣ፣
ንቡ ነድፎኝ ሄደ ማሩን ሳላወጣ።

ፍሬሕይወት ውሏን ይዛ የወጣችው ወደ እኒህ ሰው ነበር። የቱላ ገበሬዎችን አቮካዶ ሰብስባ ለአንድ ፈረንሳዊ ልትሸጥ ነው። ባንኩ እንግሊዝኛውን ይፈልጋል፤ ገዢው የሰጣት ጊዜ አርብ ስድስት ሰዓት ላይ ያበቃል። ሰኞ ሰጠቻቸው። ረቡዕ ስትመለስ አንድ ቃል ላይ ቆመዋል። ውሉ፣ ገዢው «ኮንቨናብል» የሆነውን ፍሬ ይቀበላል፣ ያልሆነውን በሻጭ ኪሳራ ይጥላል ይላል።

«ተስማሚ ብለው ይለፉት እንጂ ጋሼ!»

«ሱተብል ልበለው? ልብስ ይመስላል። ዲሰንት፣ ጨዋ፣ ልበለው? አቮካዶሽን ልድራት ነው? አክሴፕተብል ልበለው? ማን ተቀብሎት? ዋስ አምጪ!»

ፍሬሕይወት ሆን ብለው የሚያዘገዩባት መስሏት መጠርጠር ጀመረች። ሐሙስ ጠዋት ሳያስታውቁ ቱላ መጋዘኗ ድረስ መጡ። ፍሬ አንስተው በመዳፋቸው መዘኑ፣ ጫን ጫን አደረጉ፣ ማስታወሻ ያዙ። «ምን ይሆን የሚሰልሉት?» አለች በልቧ። ከሰዓት ፒያሳ ስታልፍ በካፌ መስታወት አየቻቸው። ከደምሴ ጋር! ገበሬዎቿን ሊነጥቃት ከሚሞክረው ተፎካካሪዋ ጋር ጭንቅላት ለጭንቅላት ገጥመው፣ መሃላቸው ወረቀት ተዘርግቶ።

ደሟ ፈላ። ዘው ብላ ገባች።

«ውሌን ሸጡት አይደል?»

አቶ ገብረየስ ቀና እንኳ አላሉም። የሳቀው ደምሴ ነው። «ተቀመጪ እህቴ። ይሄ ያንቺ ውል አይደለም፤ የእኔ ለቅሶ ነው።»

ወረቀቱ ደብዳቤ ነበር። አምና ያው ገዢ በዚያው ቃል አስፈርሞት፣ ግማሹን ጭነት «ትንንሽ ነው፣ ኮንቨናብል አይደለም» ብሎ ጥሎበታል። አቶ ገብረየስ ለቃሉ ዋስ ፍለጋ ነጋዴውን ሁሉ ሲጠይቁ ውለው ያገኙት እሱን ነው።

«እኔ ተርጓሚ ነኝ፤» አሉ። «ፈረንሳዩ ያደበዘዘውን በእንግሊዝኛ ባጠራው ነውር ነው። አንቺ ግን ሳትፈርሚ መጠየቅ ትችያለሽ። ስንት ግራም በይው።»

ጥያቄው እዚያው ተጽፎ ሄደ። አርብ አራት ሰዓት ላይ መልስ መጣ፦ ከሁለት መቶ ግራም በላይ፣ ያልተሰነጠቀ። ይኸው ተጽፎ ከውሉ ጋር ተያያዘ፤ ቃሉም ዋስ ስላገኘ «ሱተብል» ተብሎ አለፈ፤ ትንንሾቹ ለጭማቂ ቤት ተለዩ። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ ፈረመች።

ከሰዓት አንድ ሳጥን አቮካዶ ተሸክማ ደረጃውን ወጣች።

«ጋሼ፣ ጠርጥሬዎት ነበር፤ ይቅር ይበሉኝ። እርስዎ ታማኝ ሰው ነዎት።»

መነጽራቸውን አወለቁ። «ታማኝ? ዋስ አለው?»

«እኔ አለሁ።»

መሳቢያ ከፍተው ንጹሕ ወረቀት አወጡ፤ ያቺን አንዲት ቃል ጽፈው ወደ እሷ ገፋ አደረጉት።

«እዚህ ጋ ፈርሚ» አሉ።

ፈረመች። አቶ ገብረየስም ማኅተማቸውን አንስተው፣ ሁለት ጊዜ እፍ ብለውበት፣ ወረቀቱ ላይ አትመው ቅጽሏን በዋስ አስገቧት።